ስሟን ስለምትጠብቅ ሕፃንና ስለ ክቡርነትዎ ነጭ ልብስ

ለክቡር አቶ ኤቤኔዘር አምፖፎ
የአሱማሶ ወረዳ አስተዳዳሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የልጅ ልጄ ስም እንዲወጣላት ክቡርነትዎ አንድ ጉንጭ ውሃ እንዲጠጡ በትሕትና ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና በርዎ ላይ የሚቆሙት ዘበኞች ሁሉ በፍጹም ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የግል ሐኪምዎም ደኅና መሆናቸውን ብሰማ ደስ ይለኛል፤ ስለ እኚህ ሐኪም ለምን እንደምጨነቅ ወደ በኋላ ግልጽ ይሆንልዎታል። እኛ የአሱማሶ ሰዎች ደኅና ነን ለማለት ትንሽ ጊዜ ይስጡን።

ማን እንደጻፈልዎ እንዳይቸገሩ ራሴን ላስተዋውቅ። በገበያው ማዞሪያ ላይ «በጌታ ፈቃድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ነኝ፤ ስሜ ያው ባፉር ይባላል። የወረዳው ሕዝብ ክቡርነትዎን የሚያውቅዎ በሬዲዮ ድምፅዎ ሲሆን እኔ ግን የማውቅዎ በወገብዎ ነው። ሥልጣን የተረከቡ ዕለት የለበሱትን ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህም ያንኑ ሱሪ ደጋግሜ የለቀቅሁት እኔው ነኝ፤ አሁን ከስፌቱ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ስላልቀረው አዲስ ማዘዝዎ ተገቢ ነበር። በዚህ ወረዳ እድገት አልታየም የሚሉ አፈኞች ሲያጋጥሙኝ ሜትሬን አውጥቼ ላሳያቸው ይከጅለኛል። ነገር ግን የደንበኛን ምስጢር ማውጣት የሙያዬ ሥነ ምግባር አይፈቅድልኝም።

ለመጪው የውሃ ቀን በዓል ሲሉ ያዘዙኝን ነጭ ልብስ በተመለከተ በደብዳቤዬ መጨረሻ እመለስበታለሁና አያስቡ።

ጉዳዬ የሕፃን ጉዳይ ነው። ልጄ ኮቢናና ባለቤቱ ማንሳ ብዙ ዓመት ልጅ አጥተው ሲያዝኑ ከኖሩ በኋላ ዘንድሮ እግዚአብሔር ሴት ልጅ ሰጣቸው። ሐሙስ ስለተወለደች እንደ ማንኛዋም የሐሙስ ልጅ ያኣ እንላታለን። ይህ ግን የቀኑ ስም ነው፤ ገበያ መሃል ቆመው «ያኣ!» ብለው ቢጣሩ የገበያው እኩሌታ ዞሮ ያይዎታል። የራሷ የሆነው፣ ከሰው የሚቆጥራት ስም ገና አልወጣላትም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ስም ያልወጣለት ሕፃን እንግዳ ነው፤ ይቆይ ይሂድ ገና ያልወሰነ እንግዳ። ሌላው ሕፃን እንግድነቱን በስምንተኛው ቀን ይጨርሳል። የእኛዋ ግን አንገቷን አጽንታ፣ ሰው ለይታ መሳቅ ጀምራም ቤተሰቡ ዛሬ ድረስ «እንግዳዋ ነቃች?» «እንግዳዋ ጠባች?» እያለ ነው የሚጠይቀው። ይህ የሆነው ክቡርነትዎ ባልጠጡት አንድ ጉንጭ ውሃ ምክንያት ስለሆነ ነው ብዕር ያነሣሁት። ቢሮዎ ድረስም ተመላልሼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገረችኝ፤ ስለዚህ ደብዳቤውን በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ በመኪና ሲያልፉ መስኮቱን ዝቅ ቢያደርጉ ይነበባል።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ግን ያደገ ሰው ነኝና ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሐሙስ ዕረፍት። ወንዛችን አሱማ ሐሙስ ሐሙስ ያርፋል። ይህን ያወጅነው እኛ አይደለንም፤ ስንወለድ እንዲሁ አገኘነው። በዚያ ቀን ማንም ውሃ አይቀዳም፣ ልብስ አያጥብም፣ መረብ አይጥልም። በሌላውም ቀን ቢሆን ጥላሸት የያዘ ድስት ወንዙ ውስጥ መንከር ክልክል ነው። ታላቅ እህቴ ናና ኦፎሪዋ በልጃገረድነቷ ቸኩላ በጥቁር ድስት ስትቀዳ ተይዛ አባታችን በግ እንዲክስ ተፈርዶበት ነበር። የተወሰደው በግ የእኔ ነበር፤ ስሙንም አውጥቼለት ነበር። ዛሬ ግን ሐሙስም ሆነ እሑድ ወርቅ ፈላጊዎች በኤክስካቫተር የወንዙን ሆድ ሲቀዱት ይውላሉ። ሽማግሌዎቻችን ይህንኑ ይዘው ቢሮዎ ሲመጡ ምክትልዎ በትዕግሥት ካዳመጧቸው በኋላ «ክልክል የሆነው ጥቁር ድስት ነው አይደል? ማሽኑ እኮ ቢጫ ነው» ብለው መልሰዋቸዋል። እንዲህ ያለ የሕግ ሊቅ በወረዳችን በመኖሩ ኮርተናል። የእኔን በግ በተመለከተ ግን ምክትልዎ አስተያየት ቢሰጡበት እወዳለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቀለሙ። ውሃችን መጀመሪያ እንደ ሻይ፣ ቀጥሎ እንደ ሸክላ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ሕዝቡ ተደናግጦ ሳለ ክቡርነትዎ በሬዲዮ ቀርበው «የውሃው ቀለም የተፈጥሮ ነው፤ በማዕድን ስለበለጸገ ነው፤ ለመጠጥም ተስማሚ ነው» ሲሉ አረጋጉን። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቶች ለልጆች አጥሚት ላይ ካካዎ መጨመር አቁመዋል፤ አጥሚቱ ከእሳት ሳይወጣ ቡናማ ነው። እህቴ ኦፎሪዋ ከበቆሎ ሊጥ ኬንኬ ቀቅላ የምትሸጥ ሴት ናት። ነጭ በቆሎ ዘፍዝፋ ማታ ትተኛለች፤ ጠዋት ስትነሣ ሌላ እህል ታገኛለች። ደንበኞቿ «ናና፣ ጠብሰሽዋል እንዴ?» ሲሏት «የማዕድን ኬንኬ ነው፤ አስተዳዳሪው ያዘዙት» ብላ መሸጥ ጀምራ ነበር፤ የገዛ ግን የለም። የጤና ጣቢያችን ነርስ ብቻ ነች ከክቡርነትዎ ጋር ያልተስማማችው። ወርቁን ከአሸዋው ለመለየት የሚያፈሱት ሜርኩሪ ወንዙ ውስጥ ይገባል፣ ከወንዙ ወደ ዓሣው ይገባል፣ ወደ ሕፃን ከገባ ደግሞ አእምሮውን ነው የሚይዘው ብላ ነፍሰ ጡሮችን ሰብስባ ታስፈራራለች። ይህች ልጅ ሬዲዮ እንደማትሰማ ግልጽ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ግብረ ኃይሉ። ወንዙን የሚጠብቅ ግብረ ኃይል አቋቁመው ቆብና ጫማ አልብሰውታል፤ ሱሪያቸውን የሰፋው ሌላ ልብስ ሰፊ መሆኑን ስፌቱን አይቼ አውቄያለሁ፤ ቅሬታ የለኝም። ግብረ ኃይሉ ወደ ወንዙ ሲወርድ ሳይረኑን የሚያስጮኸው ገና ከከተማ ሳይወጣ ነው። ይህም ቆፋሪዎቹ እንዳይደነግጡ፣ ምሳቸውን ቋጥረው፣ ማሽኑን ቅጠል አልብሰው፣ በሰላም ከጥላ እንዲቀመጡ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በዚህ ዓይነት አሠራር እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልተጎዳም። የተጎዳው የውሃ ማጣሪያው ጣቢያ ብቻ ነው፤ ጭቃውን ማጣራት አቅቶት ቆሟል፤ ቧንቧችንም ከዚያ ወዲህ ነፋስ ነው የሚያወጣው።

አራተኛው ምስጋናዬ በቁጥር የሚወሰን ስላልሆነ እንዲሁ ልተርከው።

ማንሳ ልጅ ባጣችባቸው ዓመታት ያልሞከረችው አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ነጭ ነጠላ አገልድማ እንቁላል ይዛ ወደ አሱማ ወረደች (የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ይህን መስመር ዘለው እንዲያነቡ እለምናለሁ)። እንቁላሉን ከድንጋዩ ሥር አኑራ «ልጅ ከሰጠኸኝ ምላሱን የሚነካው የመጀመሪያ ውሃ ያንተ ይሆናል፤ ስሙም ስምህ ይሆናል» ብላ ቃል ገባች። ያን ጊዜ ወንዙ ውስጥ የወደቀ መርፌ ቆሞ ይታይ ነበር፤ እኔ መርፌ የሚጠፋብኝ ሰው ነኝና የማውቀውን ነው የምናገረው። ልጅቷ ተወለደች፤ ያውም በወንዙ ዕረፍት ቀን፣ ሐሙስ። ሰው ሁሉ «የአሱማ ልጅ» አላት። ስለዚህ ስሟ ምን እንደሚሆን ቤተሰቡ አንድም ቀን አልተከራከረም፤ ይህም በቤተሰባችን ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ክቡርነትዎ የስም ማውጫውን ሥርዓት ያውቁታል፤ እርስዎም በዚሁ አልፈዋል። በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሕፃኗ ከቤት ትወጣለች። አንድ ሽማግሌ ጭኑ ላይ ያስቀምጣታል፤ ፊቱ ሁለት ብርጭቆ ይቀርባል፤ አንዱ ውሃ፣ ሌላው አረቄ። ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ምላሷ ላይ ያሳርፍና «ውሃ ነው ስትዪ ውሃ ይሁን» ይላታል። ቀጥሎ አረቄውን ነክሮ «አረቄ ነው ስትዪ አረቄ ይሁን» ይላታል። አፏ ምግብ ሳያውቅ እውነት እንዲያውቅ ነው። ከዚያ ስሟ ይጠራል፣ የተረፈው በተሰበሰበው ሰው እጅ ይዞራል፣ ሁሉም ከዚያው ብርጭቆ ይቀምሳል።

ሽማግሌው እንድሆን የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ይህን የሰማ የከተማው ሰው ሁሉ እንደሳቀ አልደብቅዎትም። እውነትን ለሕፃን እንዲያስተምር ልብስ ሰፊ መመረጡ አስቋቸው ነው። «ዓርብ ነይ» ባልኳት ዓርብ ልብሷን ያገኘች ሴት በዚህ ከተማ የለችም፤ በእኔ ምክንያት ሠርጋቸውን በአሮጌ ቀሚስ የታደሙ አሉ። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ያ ከአዋቂ ጋር ያለ ጨዋታ ነው። አዋቂ ሰው ዓርብ ስለው የሚቀጥለውን ዓርብ ማለቴ እንደሆነ ያውቃል፤ እኔም ማወቁን አውቃለሁ። ሕፃን ግን ይህን ገና አልተማረችም። የሰጧትን ነው የምትውጠው።

ሐሙስ ውሃ ስለማይቀዳ ማንሳ ራሷ ረቡዕ ከሰዓት ወርዳ ቀዳች። ድፍርስ የሚያጠራውን ሸብ ጨምረንበት፣ በነጠላ አጥልለን፣ ክዳን ከድነን አሳደርነው። ነጠላው እስከ ዛሬ ነጠላ አልሆነም። ጠዋት ውሃውን በብርጭቆ ስንቀዳው ከታች ቀይ፣ ከመሃል ቡናማ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ዘይት የሚያብለጨልጭ ነበር። በቀይ የዘንባባ ዘይት የተለወሰው የቦዬ ሥር ቅቅል ከእንቁላሉ ጋር ቀርቧል፤ ዘመድ ነጭ ለብሶ ተሰብስቧል፤ ነጭ ያልኩት በልማድ ነው፤ በአሱማ የታጠበ ሁሉ የመጣው የካኪ ወታደር መስሎ ነበር። ክቡርነትዎም የክብር እንግዳችን ሆነው፣ መኪናዎን ከደጅ አቁመው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። መምጣትዎ ትልቅ ክብር ነበር፤ አሁንም ክብር ነው እላለሁ።

ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ጣቴን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። አፏን እንደ ጫጩት ከፍታ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ቃሉ አልወጣልኝም።

ኦፎሪዋ ከጎኔ ነበረችና «ምን ነካህ? ጣትህ ደረቀ እኮ» አለችኝ።

«እህቴ፣ ይሄን ምን ብዬ ልንገራት?»

«ውሃ ነው በላታ!»

«አንቺ መጀመሪያ ቅመሺውና ንገሪኝ።»

ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አነሣችው፤ አሸተተችው፤ መልሳ ሰጠችኝ። «እኔማ ትናንት ድስት ያጠብንበት እጣቢ መስሎኝ ነበር» አለች፤ ሰው ሳቀ፤ ማንሳ ግን አልሳቀችም።

እኔም ያን ጊዜ ነው ክቡርነትዎ ትዝ ያሉኝ። ውሃው ለመጠጥ ተስማሚ መሆኑን በገዛ አፋቸው የመሰከሩ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሳለ እኔ ተራ ልብስ ሰፊ መጨነቄ ነውር ሆኖ ታየኝ። የተረፈው በኋላ መዞሩ ካልቀረ፣ ዘንድሮ ከክብር እንግዳው ይጀመር ብዬ ተነሣሁና በሁለት እጄ አቀረብኩልዎ። አንድ ጉንጭ ቢጠጡልኝ ኖሮ፣ በእናቴ አጥንት እምላለሁ፣ ተቀብዬ ለልጅቷ «ውሃ ነው» እላት ነበር።

ክቡርነትዎ ብርጭቆውን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ በረጋ ድምፅ «ሐኪም ውሃ ከልክሎኛል» አሉ።

ኦፎሪዋ ናት «ውሃ የሚከለክል ሐኪም? ምን የሚባል በሽታ ነው እሱ?» ያለችው። እኔ ግን ስለ እርስዎ ጤና ስለምጨነቅ ብርጭቆውን ወደ ራሴ መለስኩት። እርስዎም ነገሩን ለማለሳለስ ብለው እጅዎን ዘርግተው ሁለተኛውን ብርጭቆ አነሡና አረቄውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። የልጅቷ ድርሻ ነበር። ያን እንዳልከለከሉዎ በማየቴ ለሐኪምዎ ያለኝ አክብሮት ጨመረ፤ አድራሻቸውንም ቢልኩልኝ የምልክላቸው ብዙ ጎረቤቶች አሉኝ።

አስቸኳይ ስብሰባ ትዝ ብሎዎ ሲነሡ ሾፌርዎ ደግ ሰው ነውና ከመኪናው በላስቲክ የታሸገ ውሃ አምጥቶ «ማዘር፣ በዚህ ሥሩት በቃ፤ ንጹሕ ነው» ብሎ ለማንሳ ሰጣት። ማንሳ በአክብሮት መለሰችለት። «ወንድሜ፣ የማን ወንዝ እንደሆነ አላውቀውም፤ እኔ ለዚህ ቃል አልገባሁም» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ልጇን ከጭኔ ላይ አነሣች። ከሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ ናት፤ ያን ቀንም አላደረገችም። «አባባ፣ ልጄን በውሸት አታስጀምራት» አለችኝና ወደ ቤት ይዛት ገባች። ጣቴ ላይ የነበረውን ጠብታ ልብሴ ላይ ጠረግሁት፤ ምልክቱ አለ፤ ሲመቸኝ አሳይዎታለሁ።

ቦዬው አልተረፈም፤ ይህን ለወገኖቼ ክብር ስል እገልጻለሁ። ስጦታውን በተመለከተ ግን ክርክር ተነሣ። ሳሙና ይዛ የመጣች ጎረቤታችን «ስሟ ሲወጣ መልሼ አመጣዋለሁ» ብላ ሳሙናዋን በጉያዋ ይዛ ተመለሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሕጉን ብናየው ልክ ናቸው፤ ለማን ብለው ይስጡ?

በማግሥቱ ኮቢና ጀሪካን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ወንዙ ከታች ቢደፈርስ ከላይ መጥራቱ አይቀርም ብሎ ነው። መጀመሪያ ያገኛቸው ቆፋሪዎች «ከላይ ሂድ፣ ከላይ ንጹሕ ነው» አሉት። ከላይ ያሉት «አይ እዚህ አይሆንህም፤ ትንሽ ከፍ በል» አሉት። እንዲህ እየተቀባበሉት ቀኑን ሙሉ ሄዶ ምንጩ ላይ ሲደርስ አንድ ቢጫ ማሽን ብቻውን ቆሞ አገኘ። የማሽኑ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ በላስቲክ የታሸገ ውሃ ይጠጣል። ኮቢና «ከዚህስ በላይ?» ሲለው «ከዚህ በላይማ ምን አለ? እዚህ ነው የሚጀምረው» አለው። «አንተ ለምን ከዚህ አትጠጣም?» ሲለውም «እብድ ነህ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት።

እዚያው ቦታ ላይ ክቡርነትዎ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ያስተከሉትን ሰሌዳ አግኝቶታል። «አሱማ ሕይወታችን ነው፤ እንጠብቀው» ከሚለው ጽሑፍ ጎን ፈገግ ብለው የሚታዩበት ያ ትልቅ ሰሌዳ ነው። ቆፋሪዎቹ ነቅለው ጉድጓዱ ላይ ድልድይ አድርገውታል፤ ምስልዎ ወደ ላይ ነው። ሰሌዳው ለሕዝብ አገልግሎት እየሰጠ መሆኑን ሳበሥርዎ ደስ ይለኛል። ልጄ ግን ጨዋ ነውና በፊትዎ ላይ መራመድ ከብዶት በውሃው ውስጥ ተሻገረ። እግሩ እስከ ዛሬ ያሳክከዋል።

ክቡር ሆይ፣ ሰው የሚያወራው ብዙ ነው። ከማሽኖቹ መካከል የእርስዎ ድርሻ ያለበት አለ ይላሉ። እኔ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ወገብዎን ብቻ ነው ብያለሁ።

እስካሁን የተጫወትኩትን ይቅር ብለውኝ አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ቀልድ እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ፈርቻለሁ። እንግዳ ናት ስንል ለወግ ያህል አይደለም፤ እንግዳ ይሄዳል። ሌሊት ስታስል እናቷ ቁጭ ብላ ታድራለች፤ በማን ስም ጠርታ ተመለሺ እንደምትላት አታውቅም። ዘመዶቻችን ሌላ ስም ስጧትና ይለቅ ይላሉ፤ ማንሳ ቃሌን አልበላም ትላለች፤ እኔም ከምራቴ ጋር ነኝ። በሞቱ አያቶቻችን ስም ልጅ መሰየም የኖረ ልማዳችን ነው። አሱማን ግን በሕይወት ሳለ ነበር ልንሰይምበት ያሰብነው። ይህ ወንዝ እኔን አጥቧል፣ አባቴን አጥቧል፣ የአባቴን ሬሳ አጥቧል። ለአንዲት ሕፃን ምላስ የሚበቃ አንዲት ንጹሕ ጠብታ ያጣል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

ስለዚህ የምለምንዎ ነገር ትንሽ ነው፤ እርስዎም ይምረጡ። በውሃ ቀን በዓል ላይ፣ መድረኩ ላይ ቆመው ስለ ውሃ ጠቃሚነት ንግግር ሲያደርጉ፣ እኔ ልጅቷን ይዤ ከፊት እቀመጣለሁ። ከአሱማ የተቀዳውን ብርጭቆ ያንሡና በሕዝብ ፊት አንድ ጉንጭ ይጠጡ፤ ቀሪውን ተቀብዬ እዚያው ስሟን አወጣላታለሁ፤ ከበሮም ይመታልዎታል። ሐኪምዎ አሁንም ካልፈቀዱ ደግሞ ማሽኖቹን አስወጥተው ወንዙን ሐሙስ ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ያሳርፉልን። ዝናብ ያጥበዋል፤ ጭቃው ይረጋል፤ እኛ እንጠብቃለን። ሕፃኗም መጠበቅን ከእናቷ ወርሳለች። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እንደ እስካሁኑ ዝም ማለት። ለእሱ የእኔ ልመና እንደማያስፈልግዎ አውቃለሁ።

በዚሁ እጅ ነሥቼ፣ ሜትሬን አጥፌ፣ መቀሴን ዘግቼ፣ ጥላዎ ከወረዳችን ላይ እንዳይጎድል፣ ጉሮሮዎም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ወገብ ታማኝ አገልጋይ፣
ያው ባፉር
«በጌታ ፈቃድ» ልብስ ስፌት፣ አሱማሶ

ግልባጭ፦
ለክቡርነትዎ የግል ሐኪም፣ ካሉ
ለምክትልዎ፣ ስለ በጌ
ለአሱማ ወንዝ፣ እንዲያውቀው

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለውሃ ቀን በዓል ያዘዙት ነጭ ልብስ አልቋል። ወገቡን አስፍቼዋለሁ። እንደሚያውቁት ነጭ ልብስ የጠመኔው ምልክት ሳይለቅ ከቤቴ አይወጣም፤ ቧንቧው ነፋስ ስለሆነ አሱማ ወስጄ በደንብ አጥቤልዎታለሁ፤ ደጋግሜም አጥቤዋለሁ፣ ያው ነው። በመድረኩ ላይ ስለ ቀለሙ የሚጠይቅዎ ሰው ካለ የተፈጥሮ ነው ይበሉት። ልብስ በቀጠርኩበት ቀን ሳደርስ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እርስዎ ልብስዎን በቀኑ አግኝተዋል፤ ልጅቷ ግን ስሟን አሁንም እየጠበቀች ነው።